ከተበከለ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ቤት የሚገባውን ትነት ለማስላት የትኛው ሞዴል ይሻላል?

አሜሪካ ውስጥ ነዳጅ ማደያ፣ ጋራዥ ወይም የድራይ ክሊን ሱቅ የነበረበትን ሕንፃ ለመግዛት ብድር የጠየቀ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ይታወቃል። ባንኩ «ፌዝ ዋን» የሚባለውን የአካባቢ ጥናት ያዛል። ጥናቱ ከመሬቱ ሥር ያለው ውኃ ሳይበከል እንዳልቀረ ይጠቁማል። ከዚያ አማካሪው ድርጅት «ትነቱ ወደ ሕንፃው ይገባ እንደሆነ በሞዴል እናስላው» ብሎ የዋጋ ዝርዝር ይልካል። ዝርዝሩ ላይ ጆንሰን-ኤቲንገር፣ ባዮቬፐር፣ ፒቪአይ ስክሪን፣ ባለሦስት አቅጣጫ ሞዴል የሚሉ ስሞች ተደርድረዋል። ገዢው ከእነዚህ መሀል እንዲመርጥ ይጠበቅበታል፤ የሚመክረው ደግሞ ሞዴሉን የሚሸጥለት ራሱ አማካሪው ነው።

ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ለዚያ ገዢ ነው። ሥራውን ገና የጀመረ መሐንዲስ ወይም የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያም ይጠቀምበታል ብዬ አስባለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ሞዴሉን የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ኬሚካሉ ምንድን ነው? ትነቱ የሚጓዝበት መንገድስ ሞዴሉ የሚያስበው ዓይነት ነው ወይ? ሁለቱን ሳይመልሱ በሞዴል ዋጋ መከራከር ገንዘብ ማባከን ነው።

ትነቱ የሚጓዝበት መንገድ

ሁሉም ሞዴሎች አንድ ታሪክ በተለያየ ዝርዝር ስለሚተርኩ ታሪኩን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ውኃ ውስጥ የሟሟው ኬሚካል ከውኃው የላይኛው ገጽ ላይ ይተናል። ምን ያህሉ እንደሚተን የሚወስነው የሄንሪ ቋሚ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ በሙቀት ይለዋወጣል። ከዚያ ትነቱ ከውኃው በላይ ያለውን እርጥብ ቀጠና መሻገር አለበት። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ አፈሩም ውኃውን ወደ ላይ ይስባል፤ በዚህ ቀጠና የአፈሩ ቀዳዳዎች በውኃ የተሞሉ ስለሆኑ ትነቱ የሚያልፍበት አየር ጥቂት ነው። ከፍ ሲል አፈሩ ይደርቃል፣ ጉዞውም ይቀላል። ቤቱ አጠገብ ሲደርስ ሌላ ኃይል ይጠብቀዋል። በቀዝቃዛው ወራት በማሞቂያ የሚሞቅ ቤት አየሩ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከሥር አየር ይስባል። የግፊት ልዩነቱ ጥቂት ፓስካል ብቻ ነው፤ ሆኖም በወለሉ ስንጥቅና በቧንቧ መግቢያ በኩል የአፈሩን አየር ለመሳብ ይበቃል። የገባው ትነት በመጨረሻ ከቤቱ አየር ጋር ይደባለቃል።

የዚህ ሁሉ ውጤት በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል፤ የቤቱ አየር ውስጥ ያለው መጠን ከምንጩ ላይ ካለው መጠን ስንት እጅ ነው? ይህን የቅነሳ ምጣኔ እለዋለሁ። 0.001 ማለት ከሺህ አንዱ ብቻ ቤት ገባ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምናያቸው አማራጮች በሙሉ ይህን ቁጥር ለማግኘት የሚደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛው መመዘኛ ኬሚካሉ ነው። የነዳጅ ውጤቶች (ቤንዝን፣ ማለትም ራሱ ቤንዚኑ ሳይሆን በውስጡ ያለ አንድ ውህድ፣ ቶሉዊን፣ ዛይሊን) ኦክስጅን ባለበት አፈር ውስጥ በባክቴሪያዎች ይበላሉ። ብረት ለማጽጃ ያገለግል የነበረው ትሪክሎሮኢቲሊን (ቲሲኢ) እና ድራይ ክሊን ቤቶች የሚጠቀሙበት ፐርክ (ፒሲኢ) ግን በዚያ መንገድ አይጠፉም። ይህ ልዩነት ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ሞዴሉ የሚያየው አፈር ብቻ ነው ወይስ የፍሳሽ ቱቦም፣ የተሰነጠቀ ዓለትም? ሦስተኛው የሚፈልገው መረጃ ነው፤ ያልተለኩ ሃያ ቁጥሮችን ገምቶ ማስገባት አንድ ቁጥር ከመገመት አይሻልም። አራተኛው ጊዜን እንዴት እንደሚያይ፣ አምስተኛው የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪና አበዳሪው ባንክ መቀበላቸው፣ የመጨረሻው ወጪው ነው። ወጪን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት በድንገት አይደለም፤ እንደምናየው ከአማራጮቹ አብዛኞቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው። የሚያስከፍለው መረጃ መሰብሰቡ ነው።

አማራጭ 1፦ አጠቃላይ ምጣኔ

ቀላሉ መንገድ ሞዴል ጨርሶ አለመጠቀም ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ (ኢፒኤ) ከብዙ ቦታዎች የተሰበሰቡ ልኬቶችን በ2012 አጠናቅሮ፣ በ2015 መመሪያው ለከርሰ ምድር ውኃ 0.001፣ ከወለሉ ኮንክሪት ሥር ለሚለካ የአፈር አየር ደግሞ 0.03 እንዲያዝ አድርጓል። ቁጥሮቹ ሆን ተብለው ወደ ጥንቃቄው ያደሉ ናቸው፤ የአብዛኞቹ ቤቶች እውነተኛ ምጣኔ ከዚህ ያነሰ ነው። ኢፒኤ ይህን ስሌት የሚሠራ ቪአይኤስኤል የተባለ ማስያ በድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል።

በቁጥር እንየው። ከሕንፃው ሥር ያለው ውኃ በሊትር 50 ማይክሮግራም ቲሲኢ አለው እንበል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የቲሲኢ የሄንሪ ቋሚ (ያለ አሃድ) 0.403 ነው። ስለዚህ ከውኃው ገጽ ላይ ያለው አየር በሊትር ወደ 20 ማይክሮግራም፣ በኩቢክ ሜትር 20,000 ገደማ ይይዛል። በ0.001 ሲባዛ የቤቱ አየር በኩቢክ ሜትር 20 ማይክሮግራም ይሆናል። ለመኖሪያ ቤት የሚታየው የኢፒኤ ወሰን ካንሰር ላልሆኑ ጉዳቶች 2.1፣ ለካንሰር ከሚሊዮን አንድ በሚለው ጥብቅ መለኪያ 0.48 ነው። ውጤቱ ከሁለቱም በብዙ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሏት አንዲት ጉዳይ አለች። ማስያው ሌላ ካልተነገረው የሚያስበው 25 ዲግሪ ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ ግን ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውኃ ከዚያ በብዙ ይቀዘቅዛል። በ12 ዲግሪ የቲሲኢ ቋሚ ወደ ግማሽ ገደማ ስለሚወርድ ውጤቱም 11 አካባቢ ይሆናል። የውኃውን ሙቀት መለካት ወጪው ከምንም አይቆጠርም፤ ናሙና ሲወሰድ እግረ መንገድ የሚለካ ነገር ነው። አማካሪዎ ሙቀቱን ሳያስገባ ያሰላ እንደሆነ ይጠይቁት።

አጠቃላይ ምጣኔው የማይሠራባቸው ቦታዎችም አሉ። ውኃው ከመሠረቱ ሥር ከ1.5 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ላይ ከሆነ፣ ቦታው የተሰነጠቀ ዓለት ከሆነ፣ ወይም ቱቦ ትነቱን በቀጥታ የሚያደርስ ከሆነ 0.001 በቂ ጥንቃቄ ላይሆን ይችላል። በሌላ ቦታ ግን ውጤቱ ከወሰኑ በታች ከወጣ ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀርብ የሞዴል ዋጋ ምክንያት ይጠየቅበት።

አማራጭ 2፦ ጆንሰን-ኤቲንገር

በ1991 ፖል ጆንሰንና ሮበርት ኤቲንገር ያወጡት ይህ ሞዴል እስከ ዛሬ የመስኩ የሥራ በሬ ነው። ከላይ የተረኩትን ጉዞ ወደ ላይ ብቻ በሚሄድ አንድ መስመር ይወስደዋል። ምንጩ አያልቅም፣ ጊዜ ምንም አይለውጥም፣ አፈሩ በየንብርብሩ አንድ ዓይነት ነው፣ ምንጩም በትክክል ከቤቱ ሥር ነው ይላል። ኢፒኤ በኤክሴል አዘጋጅቶ በነጻ ይሰጠዋል፤ በ2017 ያሻሻለው ስሪት 6 ነው። እንግሊዝም ለተበከለ መሬት በምትጠቀምበት ክሊያ በተባለው ስሌት ውስጥ አስገብታዋለች።

ይህ ሞዴል ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ ትልቁ ውዥንብር ያለው እዚህ ነውና። ያንኑ ምሳሌ እንቀጥል። ውኃው 3 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፣ ወለሉ 100 ካሬ ሜትር፣ የቤቱ አየር በሰዓት 0.45 ጊዜ ይቀየራል፣ በስንጥቁ የሚገባው የአፈር አየር በደቂቃ 5 ሊትር ነው። አፈሩ አሸዋ ከሆነ የቅነሳ ምጣኔው ከ0.0004 እስከ 0.0005 ይመጣል። በ12 ዲግሪው ውኃ ሲሰላ የቤቱ አየር 5 ማይክሮግራም አካባቢ ይሆናል፤ ከ2.1 በላይ ነው። አሁን ሌላውን ሁሉ ሳይነኩ አፈሩን «ደለል» ብለው ይቀይሩት። ምጣኔው ወደ 0.00004 ይወርዳል፣ የቤቱ አየር 0.4 ገደማ ይሆናል፤ ከ0.48 በታች። የአንድ አፈር ስም መቀየር ቤቱን ከአደገኛ ወደ ንጹህ አዞረው።

ምክንያቱ ያ እርጥብ ቀጠና ነው። ሞዴሉ ውስጥ የተቀመጠው ቁመቱ ለአሸዋ 17 ሴንቲሜትር፣ ለደለል 163 ሴንቲሜትር ነው። ቁፋሮው ላይ የቆመው ልጅ «ደለል» ብሎ የመዘገበው አፈር ውስጥ ቀጭን የአሸዋ ንብርብር ቢኖር ወይም እርጥቡ ቀጠና በሚታሰበው ቁመት ባይኖር፣ ያ ሁሉ መከላከያ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነው። ስለዚህ ሪፖርት ሲደርስዎ መጀመሪያ የሚያዩት የአፈሩ ዓይነት በምን እንደተወሰነ ይሁን። በእጅ ዳሰሳ ነው ወይስ በላቦራቶሪ የቅንጣት መጠን ልየታ? የአፈሩ እርጥበት ተለክቷል ወይስ ከሰንጠረዥ ተወስዷል?

ብዙ ሪፖርቶች በተቃራኒው ስለ ወለሉ ስንጥቅ ስፋት ገጽ ሙሉ ያትታሉ። ምንጩ ውኃው በሆነበት ስሌት ግን ስንጥቁ ያን ያህል አይገዛም። ከላይ ባለው ምሳሌ በስንጥቁ የሚገባውን አየር ከ5 ወደ 10 ሊትር ብናሳድገው የአሸዋው ውጤት የሚለወጠው በመቶ 10 አካባቢ ነው፤ የደለሉ ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ትነቱን የያዘው እርጥቡ አፈር ስለሆነ በሩን ማስፋት ወረፋውን አያሳጥረውም። የቤቱ አየር የሚቀየርበት ፍጥነት ግን በቀጥታ ያካፍላል፤ ፍጥነቱ ግማሽ ከሆነ ውጤቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ታዲያ ሞዴሉ ይታመናል? አፈሩ ወጥ፣ መንገዱ አፈር ብቻ፣ ኬሚካሉ እንደ ቲሲኢና ፒሲኢ ክሎሪን ያለበት ሲሆን ለማጣሪያ አዎ። ለነዳጅ ግን አይሆንም። ባክቴሪያዎቹን ስለማያውቃቸው በመቶና በሺህ እጥፍ ሊያጋንን ይችላል፤ ነዳጅ ማደያን በዚህ ሞዴል ማስላት ገዢውን ያለ በቂ ምክንያት ማስደንገጥ ነው። ቱቦ ባለበት ደግሞ በተቃራኒው ያሳንሳል።

የዚህን ሁለተኛ ጉድለት የሚያሳይ ቤት ዩታ፣ ሌይተን ከተማ ውስጥ አለ። ከሂል የአየር ኃይል ሠፈር የፈሰሰ ቲሲኢ ያለበት ውኃ ከሥሩ ያልፋል። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቤቱን ይዘው ለዓመታት አየሩን ለኩ። የቤቱ ውስጥ መጠን ከ100 እጥፍ በላይ ሲዋዥቅ ተገኘ፤ ከፍ የሚለውም በአብዛኛው በቀዝቃዛው ወራት ነበር። ኋላ ላይ ቤቱን በማራገቢያ ግፊቱን እየቀነሱ ሲፈትሹት ከመሠረቱ ሥር የሚደርስ የመሬት ውኃ ማፋሰሻ ቱቦ ተገኘ፤ ትነቱ በዚያ በኩልም ይመጣ ነበር። ዴንማርክ፣ ስኩልዴሌቭ በተባለ መንደርም ፒሲኢ በፍሳሽ ቱቦ ወደ ቤቶች ሲገባ ታይቷል። ጆንሰን-ኤቲንገር ውስጥ «ቱቦ» የሚባል ሳጥን የለም።

አማራጭ 3፦ ባዮቬፐርና ፒቪአይ ስክሪን

ለነዳጅ የተሠሩት እነዚህ ናቸው። ባዮቬፐርን በነጻ ያሠራጨው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ነው። ስሌቱ ከጆንሰን-ኤቲንገር ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ አፈሩን ለሁለት መክፈሉ ነው። ከላይ ኦክስጅን ያለበት፣ ነዳጁ የሚበላበት ንብርብር፤ ከታች ኦክስጅን ያለቀበት። የሁለቱን ድንበር የሚያገኘው ወደ ታች የሚገባውን ኦክስጅን ከሚወጣው ነዳጅ ጋር በማመጣጠን ነው። የነዳጅ ኢንዱስትሪው ማኅበር ያሠራጨው በመሆኑ የሚጠራጠሩት አሉ። ሒሳቡ ግልጽ ስለሆነ እኔ በዚያ አልጠራጠረውም፤ የምጠራጠረው የሚገባለትን ቁጥር ነው።

ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት ይህ ነው። ተጠቃሚው የሚያሳስበው ቤንዝን ስለሆነ ቤንዝንን ብቻ ያስገባል። ነገር ግን ኦክስጅኑን የሚጨርሱት የነዳጁ ውህዶች በሙሉ ናቸው፤ ቤንዝን ከእነዚያ ትንሹ ክፍል ነው። ጠቅላላው የሃይድሮካርቦን መጠን ካልገባ ሞዴሉ ኦክስጅኑ የተትረፈረፈ ይመስለዋል፣ ቤንዝኑም በቀላሉ ተበልቶ ያልቃል። ውጤቱ ደስ የሚያሰኝና የተሳሳተ ነው። በሪፖርቱ የግብዓት ሰንጠረዥ ላይ ጠቅላላ ሃይድሮካርቦን የሚል መስመር ከሌለ ሪፖርቱን ይመልሱት።

ሁለተኛው ጥያቄ ኦክስጅኑ ከየት እንደሚመጣ ነው። ትንሽ ቤት ከሆነ ከዳር ዳር ባለው ባዶ መሬት በኩል ይገባል። ሰፊ ሱፐርማርኬት ወይም መጋዘን ከሆነ የኮንክሪቱ መሀል ላይ ላይደርስ ይችላል። ኢታኖል የበዛበት ነዳጅ በፈሰሰበት ቦታ ደግሞ ሚቴን ሊፈጠርና ኦክስጅኑን ቀድሞ ሊጨርስ ይችላል። ነዳጅ ላይ እርሳስ ይጨመር በነበረበት ዘመን ይሠሩ የነበሩ ማደያዎች ውስጥ ከእርሳሱ ጋር የተጨመረው ኤቲሊን ዳይብሮማይድ ሌላ ራስ ምታት ነው፤ እንደ ቤንዝን በቀላሉ አይበላም።

ፒቪአይ ስክሪን የኢፒኤ ነው። የባዮቬፐርን ሒሳብ ወስዶ እርግጠኛ ያልሆኑ ቁጥሮችን በክልል (ከዚህ እስከዚህ ብሎ) ያስገባል፣ ቁጥሮቹን በዕጣ እየቀያየረ በሚያሰላው የሞንቴ ካርሎ ዘዴ ደጋግሞ ያሰላል፣ «ከወሰኑ የማለፍ ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ይላል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። አንድ የተቆረጠ ቁጥር ተቀባዩን ያታልለዋል፤ ዕድል ሲሰጠው ግን ግብዓቶቹ ምን ያህል ግምት እንደሆኑ ራሱ ያያል።

ከሁለቱም በፊት ግን ሜትር ይያዙ። በ2015 ኢፒኤ ለነዳጅ ማደያዎች ያወጣው መመሪያ፣ በውኃ ውስጥ የሟሟ ነዳጅ ከሆነ ከመሠረቱ ሥር 6 ጫማ (1.8 ሜትር)፣ ያልሟሟ ነዳጅ ከሆነ 15 ጫማ (4.6 ሜትር) ንጹህና ባክቴሪያ ያለበት አፈር ካለ ከዚህ በላይ መመርመር በአብዛኛው አያስፈልግም ይላል። ርቀቱ የተወሰነው ከብዙ ማደያዎች ከተሰበሰበ ልኬት ነው። ብዙ ማደያ በዚህ ብቻ ያልፋል፣ ሞዴልም አይከፈልበትም።

አማራጭ 4፦ ባለሦስት አቅጣጫ ሞዴል

ሊሊያን አብሩና ፖል ጆንሰን በ2005 ያሳተሙት ዓይነት ሞዴል አፈሩን በትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍሎ ጉዞውን በሁሉም አቅጣጫ ያሰላል። ምንጩ ከቤቱ ጎን ቢሆን፣ ንብርብሮቹ ያዘነበሉ ቢሆኑ፣ ሁለት ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ኢፒኤም በ2012 ባወጣው ማብራሪያ የተለያዩ ሁኔታዎችን ያሳየው በዚህ ሞዴል ነው፤ ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙ ይማሩበታል።

ለአንድ ቤት ግን አልመክረውም። ሶፍትዌሩ ውድ ነው፣ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ጥቂት ነው፣ ተቆጣጣሪውም ውስጡን ለመመርመር ጊዜ የለውም። በቀለም ያማረ ሥዕል ማሳመኑ አይቀርም፤ ከሥሩ ያለው የእርጥበት ቁጥር ግን ያው ከሰንጠረዥ የተወሰደው ነው። ቦታውን የሚያገኘው ትልቅ ልማት ላይ፣ ፍርድ ቤት በደረሰ ክርክር፣ ወይም የመለኪያ ነጥቦችን የት እንደሚቆፍሩ ለማቀድ ነው።

አማራጭ 5፦ አለማስላት፣ መለካት

በንጽጽሩ ውስጥ የማይገባ መስሎ ሁሉንም የሚፎካከረው ይህ ነው። ከወለሉ ኮንክሪት ሥር ቀዳዳ ተበስቶ አየሩ ካኒስተር በሚባል የብረት ዕቃ ይወሰዳል፣ ከቤቱ ውስጥና ከውጭም እንዲሁ። ከሥር የተገኘው በ0.03 ተባዝቶ ከወሰኑ ጋር ይነጻጸራል። ከውኃው እስከ ወለሉ ያለው ረጅም ግምት በሙሉ ይቀራል።

ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ከድራይ ክሊን የመጣ ሱፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ፒሲኢ ይተናል። ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጋራዥ ውስጥ የቆመ መኪና ቤንዝን ይሰጣል። ለቤንዝን ጥብቁ የካንሰር ወሰን 0.36 ማይክሮግራም ሲሆን የብዙ ከተሞች የውጭ አየር ራሱ ከዚያ ይበልጣል፤ ስለዚህ የቤቱን ብቻ ለክቶ መፍረድ አይቻልም። የሌይተኑ ቤት እንዳሳየውም የአንድ ቀን ልኬት ያን ቀን ብቻ ነው የሚናገረው። ቢቻል በቀዝቃዛው ወቅት ይለኩ፤ ካልተቻለ በማራገቢያ የቤቱን ግፊት ዝቅ አድርጎ መለካት መጥፎውን ቀን በሰው እጅ ማምጣት ነው።

በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | የሚስማማው ኬሚካል | የማያየው | የሚፈልገው መረጃ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| አጠቃላይ ምጣኔ | ሁሉም፣ ለነዳጅ ያጋንናል | ቱቦ፣ የተሰነጠቀ ዓለት፣ በጣም ቅርብ ውኃ | የውኃው ናሙናና ሙቀት | ማስያው ነጻ፣ ሥራው የሰዓታት |
| ጆንሰን-ኤቲንገር | ቲሲኢ፣ ፒሲኢና መሰሎቻቸው | ባክቴሪያ፣ ቱቦ፣ የጎን ጉዞ፣ የወቅት ለውጥ | የአፈር ዓይነትና እርጥበት፣ ጥልቀት፣ የቤቱ አየር ልውውጥ | ነጻ፣ የአፈር ምርመራው ያስከፍላል |
| ባዮቬፐር | ነዳጅ | ቱቦ፣ የወቅት ለውጥ | ከላይ ያለው፣ ጠቅላላ ሃይድሮካርቦንና ኦክስጅን | ነጻ፣ መካከለኛ ሥራ |
| ፒቪአይ ስክሪን | ነዳጅ | እንደ ባዮቬፐር | እንደ ባዮቬፐር፣ በክልል ቢሆን ይበቃል | ነጻ፣ መካከለኛ ሥራ |
| ባለሦስት አቅጣጫ | እንደ አሠራሩ ሁሉም | ያልተነገረውን ሁሉ | እጅግ ብዙ | ከፍተኛ፣ የሳምንታት ሥራ |
| መለካት | ሁሉም | ያልተለካበትን ቀን | ወደ ቤቱ መግባት | መካከለኛ፣ በድግግሞሽ ይጨምራል |

ለማን የትኛው?

*ነዳጅ ማደያ ሊገዙ ከሆነ።* መጀመሪያ የውኃውን ጥልቀትና ያልሟሟ ነዳጅ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ። 1.8 እና 4.6 ሜትር የሚሉትን ርቀቶች ያሟላ ከሆነ ሞዴል አይክፈሉ። ካላሟላ ፒቪአይ ስክሪን፣ ከጎኑም ከወለሉ ሥር የኦክስጅን ልኬት። ኦክስጅን በበቂ መጠን ከተገኘ ግማሹ ክርክር ያልቃል።

*ድራይ ክሊን ያለበትን የገበያ ሕንፃ ሊገዙ ወይም ሊከራዩ ከሆነ።* ሞዴሉን ይዝለሉት ባይ ነኝ። ፒሲኢ የፈሰሰው ብዙ ጊዜ ከሱቁ ወለል ሥር ወይም ወደ ፍሳሽ ቱቦ ነው፤ ሁለቱም ከውኃው ተነስቶ የሚያሰላውን ሞዴል ያመልጡታል። ገንዘቡን ከወለሉ ሥርና ከፍሳሽ ቱቦው ውስጥ አየር ለመውሰድ ያውሉት። ጎረቤት ሱቆችንም አይርሱ፤ ምግብ ቤትዎ ከድራይ ክሊኑ ጋር ግድግዳ ሊጋራ ይችላል።

*የቲሲኢ ውኃ ከሥሩ የሚያልፍበት ሠፈር ውስጥ ቤት ካለዎት።* ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ ኤንዲኮት በተባለች መንደር የታየው ይህ ነው። ኤንዲኮት ከ400 በላይ ሕንፃዎች የትነት ማስወጫ ተገጠመላቸው። እንዲህ ባለ ቦታ መለካት የሚገባው ኃላፊነት ያለበት ወገን ወይም ክፍለ ግዛቱ ነው፤ እርስዎ ናሙና እንዲወሰድ ፈቅደው ውጤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ከሆነ ሞዴል እስኪሰላ አይጠብቁ። ቲሲኢ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት በፅንሱ ልብ ላይ ሊያደርስ ይችላል በሚባለው ጉዳት ምክንያት፣ የኢፒኤ የካሊፎርኒያ አካባቢ ቢሮ በ2014 በኩቢክ ሜትር 2 ማይክሮግራም ሲያልፍ የተፋጠነ፣ 6 ሲያልፍ አስቸኳይ እርምጃ ይወሰድ ብሏል።

*በጀቱ ጠባብ፣ ሕንፃው አንድ ቤት ከሆነ።* ከወለሉ ሥር አየር እየመጠጠ ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣው ማራገቢያ ከአፈር በተፈጥሮ ለሚወጣው ጨረራማ ጋዝ፣ ለሬደን፣ ከሚገጠመው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚገጥሙ ሠራተኞች አሉ። ከረጅም ጥናት የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። ኢፒኤም ጥናቱ ሳያልቅ ቀድሞ መግጠምን ይፈቅዳል። ከተገጠመ በኋላ ግን ከኮንክሪቱ ሥር ያለው ግፊት በእርግጥ መውረዱ መለካት አለበት፤ ማራገቢያው መጮሁ ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

*ሰፊ ባዶ መሬት ላይ ሊገነቡ ከሆነ።* የሚለካ ቤት ስለሌለ ሞዴል በእርግጥ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። በጆንሰን-ኤቲንገር ይጀምሩ፤ አፈሩን አንድ ጊዜ አሸዋ፣ አንድ ጊዜ የተመዘገበውን አድርገው ያሰሉ። ሁለቱም ከወሰኑ በታች ከሆኑ ጥሩ። አንዱ ከበላይ፣ አንዱ ከበታች ከሆነ ለሌላ ሞዴል ከመክፈል ከኮንክሪቱ በፊት መከላከያ ሽፋንና የአየር ማስወጫ ቱቦ መዘርጋት ይረክሳል።

*አዲስ አበባ ላይ ለመጠቀም የሚያስቡ ባለሙያ ከሆኑ።* ኤክሴሉን አውርዶ ባለበት መጠቀም አያዋጣም። የግፊት ልዩነቱ 4 ፓስካል ተብሎ የተያዘው ማሞቂያ ላላቸው ቤቶች ነው፤ መስኮቱ ቀኑን ሙሉ የሚከፈት፣ ማሞቂያ የሌለው ቤት ሌላ ነው፤ የአየር ልውውጡም ከ0.45 በብዙ ሊበልጥ ይችላል። ይህ ወደ ቤቱ ጥቅም ያደላል። አፈሩ ግን በተቃራኒው ነው። ጥቁር አፈር በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ሞዴሉ «ሸክላ» ብሎ የሚሰጠው እርጥብ መከላከያ በጥርና በየካቲት ላይኖር ይችላል። ከዚያ በታች የተሰነጠቀ ባዛልት ካለ ወጥ አፈር የሚለው ግምት ጨርሶ ይፈርሳል። ግቢ ውስጥ ያለ የመጸዳጃ ጉድጓድና የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድም ለትነቱ አቋራጭ ናቸው። ማደያ ወይም ጋራዥ አጠገብ ላለ ቤት ከሞዴሉ ይልቅ ከወለሉ ሥር የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ይበጃሉ፤ አንዱ በበጋ፣ አንዱ በክረምት፣ ከሁለቱም ጋር የውጭው አየር አብሮ ተለክቶ።